ያለ መኪና በሞዝ ወንዝ ዳር፦ በፈረንሳይ አርደን የብስክሌት ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

የፈረንሳይን ገጠር በብስክሌት ለማየት የሚመኝ ሰው ሐሳቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሎዋር ሸለቆ ግንቦች ወይም ወደ ቡርጎኝ የወይን ማሳዎች ነው። ሁለቱም ዝናቸው የሚገባቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መኪናም አጃቢም ሳይዝ ለሚወጣ ሰው ግን እኔ የምመክረው በሰሜን ምሥራቅ፣ ከቤልጂየም ድንበር አጠገብ የሚገኘውን የአርደንን አውራጃ ነው። ከሻርልቪል ሜዚየር ከተማ እስከ ድንበሯ ከተማ ዢቬ ድረስ ባለው 83 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሞዝ ወንዝ፣ የብስክሌቱ መንገድና የባቡሩ ሐዲድ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተያይዘው ይጓዛሉ። ዝናብ ቢበረታ፣ ጎማ ቢተነፍስ ወይም ጉልበት ቢከዳ፣ ጉዞውን እዚያው ላይ አቋርጦ በባቡር መመለስ ይቻላል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ዕቅድ ሲወጣ ዋናው ጥያቄ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እነዳለሁ?» የሚለው ሳይሆን «ጣቢያው የት ነው? ዳቦ ቤቱስ መቼ ይዘጋል?» የሚለው ነው።

መንገዱ ፈረንሳዮች «ቯ ቬርት» ማለትም አረንጓዴ መንገድ ከሚሏቸው አንዱ ሲሆን ለእግረኛና ለብስክሌት የተከለለ፣ ሞተር የማይገባበት ነው። አብዛኛው የተሠራው ቀደም ሲል ፈረሶች ጀልባዎችን በገመድ እየጎተቱ ይሄዱበት በነበረው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ ነው። ፈረስ ጭነት እየጎተተ ዳገት እንዲወጣ ማንም አይፈልግምና መንገዱ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ በዚያ ላይ አስፋልት ስለሆነ ከተራ የከተማ ብስክሌት የበለጠ ነገር አይጠይቅም። ተራሮቹ በግራና በቀኝ ቆመው ይታያሉ እንጂ ማንንም ውጣ አይሉም።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ብስክሌቱን እስከ መነሻው ማድረስ ነው። ከፓሪስ የምሥራቅ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣኑ ባቡር ሻርልቪል የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ነገር ግን በፈጣን ባቡሮች ላይ ያልተፈታ ብስክሌት የሚጫነው ቦታው ካለና አስቀድሞ በክፍያ ከተያዘ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ጎማዎቹን ፈትቶ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦርሳ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። መፍታትና መግጠም የማይወድ ሰው «ቴ ኧ ኤር» ተብለው በሚጠሩት የክልል ባቡሮች እየቀያየረ ቢሄድ ይሻለዋል። ከፓሪስ ምሥራቅ ጣቢያ ወደ ኤፐርኔ፣ ከኤፐርኔ በወይን ተክል በተሸፈኑ ኮረብታዎች መካከል ወደ ራንስ፣ ከራንስ ደግሞ ወደ ሻርልቪል መሄድ ነው። በእነዚህ ባቡሮች ላይ ቦታ እስካለ ድረስ ብስክሌት እንዳለ ይገባል። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሆኖም ግማሽ ቀኑ ራሱ የጉዞው አካል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜና እሑድ መስቀያዎቹ ቶሎ ስለሚሞሉ የማለዳውን ባቡር መያዝ ይበጃል። የሰዓት ሰሌዳውን ሲያነቡ ደግሞ ከልማድ ይጠንቀቁ፤ ሰሌዳው ላይ 14 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በዚህ ምክንያት ባቡር ያመለጠው ሐበሻ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ብስክሌቱ ምንም ዓይነት ቢሆን ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል፦ ፓራፋንጎ፣ ከኋላ ፖርቶ መጋላ እና የሚሠራ መብራት። አርደን ዝናባም አገር ስለሆነ ያለ ፓራፋንጎ መንዳት ጀርባን በጭቃ ማስጌጥ ነው። ዕቃዎን በጀርባ ከመሸከም ይልቅ በፖርቶ መጋላው ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ውሃ የማያስገቡ ቦርሳዎች ውስጥ ያድርጉ፤ በጀርባ የተሸከሙት 6 ኪሎ ከሦስት ሰዓት በኋላ 6 ኪሎ አይመስልም። ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ መንፊያና የካቴና ዘይት መያዝ ግዴታ ነው፤ በመንደሮቹ መካከል ጎሚስታ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነውና። ልብስን በተመለከተ አንድ ለመንዳት፣ አንድ ለማታ፣ አንድ ለዝናብ ይበቃል።

ሕጉ ጥቂት ነው፤ ይሁንና ይከበራል። ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ቢነዳም ቢታዘልም፣ የራስ ቁር ማድረግ አለበት። ከከተማ ውጭ በሌሊት የሚነዳ ሰው የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስ ይገደዳል። እየነዱ ጆሮ ውስጥ ማዳመጫ መክተት የ135 ዩሮ ቅጣት ያስከትላል፤ በወይን አገር መሆንም ሰበብ አይሆንም፣ የአልኮል ገደቡ ለብስክሌት ነጂም ይሠራል።

ጉዞውን ሰኞ አይጀምሩ። በፈረንሳይ ገጠር እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ የሻርልቪል ሙዚየምም ሰኞ አይከፈትም። ማክሰኞ ከተማዋን አይቶ፣ ረቡዕ ማለዳ መነሳት የተሻለ ነው። ለሻርልቪል አንድ ሙሉ ቀን መስጠት የሚገባው ለሌላ ምክንያትም ነው። ይህች ከተማ ለእኛ ባዕድ አይደለችም፤ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሐረር እየተመላለሰ በንግድ የኖረው፣ ለንጉሥ ምኒልክም ጠመንጃ ያቀረበው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የተወለደው እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1854። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም የሚገኘው በሞዝ ላይ በቆመው የቀድሞ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲሆን ጉዞው ከሚጀመርበት የወንዝ ዳር ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። የጀጎልን ግንብ የሚያውቅ ሰው፣ ገና በልጅነቱ ከዚህች ጸጥተኛ ከተማ ደጋግሞ ይጠፋ የነበረውን ልጅ እያሰበ በዚህ ዳርቻ ሲነሳ የሚሰማው ነገር ለሌላው ቱሪስት የሚገባ አይመስለኝም። መቃብሩም እዚያው በከተማዋ መካነ መቃብር ነው።

ከሙዚየሙ በላይ ያለው የመስፍኑ አደባባይ፣ ፕላስ ዱካል፣ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1606 በሻርል ደ ጎንዛግ ትእዛዝ ነው። ቀይ ጡብ ከቢጫ ድንጋይ ጋር የተሰባጠረባቸው፣ ጣሪያቸው ሾጣጣ የሆነ አንድ ዓይነት ቤቶች አራቱንም ጎን ከብበውት ይታያሉ፤ ከሥራቸው ባለው ቅስት በረንዳ ዝናብን መጠለል ይቻላል። በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት መስከረም ላይ፣ ዓለም አቀፍ የአሻንጉሊት ቲያትር በዓል ስለሚከበር ያን ሰሞን ክፍል ማግኘት ከባድ ነው፤ ወይ ወራት አስቀድመው ይያዙ፣ ወይ ቀኑን ያዛውሩ።

ከሻርልቪል ወደ ሰሜን፣ ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ይነሳሉ። የመጀመሪያው ቀን ከኑዞንቪልና ከቦኚ በኩል ሞንተርሜ የሚያደርስ ሲሆን፣ ርቀቱ አጭር ስለሆነ ለሰውነት ማለማመጃ ይሆናል። እነዚህ ሰፈሮች የወይን አገር መንደሮች አይምሰሏችሁ፤ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሚስማርና ቡሎን ሲሠሩ የኖሩ፣ ፋብሪካቸው አንድ በአንድ የተዘጋባቸው የሠራተኛ ሰፈሮች ናቸው። ይህን የሚያህል እውነተኛ ገጠር በፖስታ ካርድ ላይ አይገኝም። ቦኚ ላይ ከወንዙ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ የአራቱ የኤሞን ልጆች ሐውልት ቆሟል፤ በአፈ ታሪኩ አራቱ ወንድማማቾች ከንጉሥ ሻርልማኝ ቁጣ ያመለጡት ባያር በተባለ አንድ ፈረስ ላይ አብረው ተቀምጠው ነው። ሞንተርሜ ደግሞ ወንዙ እንደ ፈረስ ጫማ ተጣጥፎ የከበባት ከተማ ናት። ሮሽ አ ሴት ኧር ከሚባለው ቋጥኝ ላይ ሆኖ ይህን መታጠፊያ ለማየት ብስክሌቱን በሰንሰለት አስሮ በእግር መውጣት ይገባል። አቀበቱ ያደክማል፣ ግን አይቆጭም። ከጫካ ሲወጡ እግርዎን ይፈትሹ፤ የአርደን ደን መዥገር ያለበት ነው፣ መዥገሩም የላይም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከሞንተርሜ በኋላ ሸለቆው ይጠብባል። ሌፉር አካባቢ ከወንዙ ከ200 ሜትር በላይ የሚነሳው ጥቁር ገደል «የሞዝ እመቤቶች» ይባላል፤ ባሎቻቸው ለመስቀል ጦርነት ሲዘምቱ የከዱ ሦስት ሚስቶች ወደ ድንጋይ ተለወጡ ይላል የአገሬው ተረት። (በየአገሩ ድንጋይ የሚሆኑት ሴቶች ብቻ መሆናቸው ይገርመኛል፤ ዘማቾቹ ባሎች ምን ሲሠሩ እንደ ነበር ተረቱ አይነግረንም።) ይህን ክፍል ጠዋት ይንዱት፤ ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሳ ገደሉ ከላይ ወደ ታች ይገለጣል። በረቫን በኩል አልፈው ፉሜ ሲገቡ የጣሪያዎቹ ቀለም ወደ ሐምራዊነት ያዘነበለ ይሆናል፤ ከተማዋ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው ከመሬት ውስጥ የጣሪያ ድንጋይ እየቆፈረች ነበር። ለሁለተኛው ሌሊት ፉሜ ወይም ቀጥላ ያለችው ኤብ ትስማማለች። ሦስተኛው ቀን በቪረ በኩል አልፎ ዢቬ ላይ ያበቃል። ከዢቬ በፊት የሾ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሁለት ግዙፍ ማማዎች እንፋሎታቸውን ሲተፉ ይታያሉ፤ የማያምር ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ከሩቅ ምልክት ስለሚሆነኝ አልጠላቸውም።

አሁን ወደ ሆድ ጉዳይ እንምጣ፤ ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በጎማ ሳይሆን በረሃብ ነውና። የገጠር ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው በእኛ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኑም እሳቱ ጠፍቷል። አንድ ሰኞ በዚህ ሸለቆ ሦስት መንደር አልፌ አንድም ክፍት ዳቦ ቤት ሳላገኝ፣ የቀረኝን አንድ ሙዝ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለማታ ያቆየሁበትን ቀን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ክፍት ዳቦ ቤት ካየሁ ባይርበኝም እገዛለሁ። የአካባቢው የድሃ ምግብ «ካካስ አ ኩ ኑ» ይባላል፤ በብረት ድስት ከሽንኩርት ጋር ቀስ ብሎ የሚበስል ድንች ሲሆን ስሙ «መቀመጫዋ የተራቆተ» እንደ ማለት ነው፣ ሥጋ አጥታ የተሠራች ለማለት። ስሟ ግን አያታልልዎ፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ወይም ሥጋ ይገባባታልና የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ፍልሰታን የሚጾም ተጓዥ፣ ጾሙ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 7 እስከ 21 በጉዞው ወቅት ላይ ስለሚውል፣ ዳቦ ቤት ገብቶ «ትራዲሲዮን» ብሎ ቢጠይቅ ያዋጣዋል፤ ይህ ዳቦ በሕግ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚጋገር እንጂ ወተትና ቅቤ የሚገባበት አይደለም። ከቲማቲም፣ ከምስርና ከፍራፍሬ ጋር የብስክሌተኛ ጾም ያልፋል።

ውሃ ያለቀበት ሰው መቃብር ቤት ይሂድ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በፈረንሳይ መንደር ሁሉ ለማለት ይቻላል በመካነ መቃብሩ በር አጠገብ ለአበባ ማጠጫ የተተከለ ቧንቧ አለ። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት አይጠጣም።

ማደሪያን በሚመለከት «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያላቸውን ቤቶች ይፈልጉ፤ ምልክቱ የሚሰጠው ከብስክሌት መንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር ለማይርቁ፣ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና መጠገኛ መሣሪያ ላላቸው ነው። ከሆቴል ይልቅ በሰው ቤት የሚከራየው «ሻምብር ዶት» ይሻላል፤ ቁርሱ ጥሩ ነው፣ የቤቱ እመቤት ደግሞ ነገ የትኛው ዳቦ ቤት ክፍት እንደሆነ ከማንኛውም ካርታ አብልጣ ታውቃለች። ቤት ስትገቡ ቀድሞ «ቦንዡር ማዳም» ማለት አይዘንጋ፤ ሰላምታ ሳያስቀድም ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እዚያም እንደ እኛው አገር ባለጌ ነው። ድንኳን የያዘ በየማዘጋጃ ቤቱ ካምፕ በርካሽ ያድራል።

ዢቬ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ብስክሌቱን በክልሉ ባቡር ጭኖ ለሦስት ቀን የመጡበትን ሸለቆ በአንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ እየተመለከቱ ወደ ሻርልቪል መመለስ ነው፤ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ጠዋት ላይ ያረጋግጡ። ሁለተኛው ድንበሩን አልፎ በወንዙ ዳር ወደ ቤልጂየሟ ዲናን መቀጠል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የመንገደኛ ባቡር የለም፤ ቀሪው ክፍተት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ብስክሌቱ ራሱ ይሞላዋል። ዲናን ሲደርሱ ወደ ናሙርና ወደ ብራስልስ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ብራስልስ ወይም አምስተርዳም የሚኖር አንባቢም ጉዞውን ገልብጦ ከዚያ በኩል ሊጀምረው ይችላል። በቤልጂየም ባቡር ለብስክሌቱ ለብቻው ትኬት ይገዛል። ድንበሩ ላይ የሚያስቆም ዘበኛ ባይኖርም ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ከላይኛው ኪስ ይሁን፤ ከቦርሳው ሥር፣ ከእርጥቡ ካልሲ በታች ከሆነ ፍተሻ ሲመጣ ሁሉንም መንገድ ዳር ማራገፍ ይመጣል።