ሴኡል ውስጥ በተመጣጣኝ ዋጋ ምሳ እንዴት ይበላል?

ሴኡል ውድ ከተማ ናት ቢባልም የሠራተኛው ምሳ ግን ዛሬም ኪስ አይጎዳም። ከ8,000 እስከ 11,000 ዎን የያዘ ሰው ትኩስ ሩዝ፣ አንድ ወጥና ሦስት አራት ዓይነት ማባያ በልቶ ይወጣል።

1. ምግብ ቤት መምረጥ። ዋናውን መንገድ ትተው ከመሥሪያ ቤቶች ጀርባ ወዳሉት ቅያሶች ይግቡ። የምግብ ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ቤቱ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ቀደም ብለው ይድረሱ።

2. ለአንድ ሰው የሚሆን ማዘዝ። ሥጋ ጠረጴዛ ላይ የሚጠበስባቸው ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰው ያነሰ ትእዛዝ አይቀበሉም። ብቻዎን ከሆኑ ኪምቺ ጂጌ (በቅመም የተብላላ ጎመን፣ ማለትም የኪምቺ ወጥ)፣ ድዌንጃንግ ጂጌ (የተብላላ አኩሪ አተር ወጥ)፣ ቢቢምባፕ (አትክልት የተደረደረበት ሩዝ) ወይም ካልጉክሱ (በትኩስ መረቅ የሚቀርብ ፓስታ መሰል የስንዴ ኑድል) ይዘዙ። በናምዴሙን ገበያ የካልጉክሱ መንደር፣ ካልጉክሱ ያዘዘ ሰው ትንሽ ሳህን ኔንግምዮን (ቀዝቃዛ ኑድል) በነፃ ይጨመርለታል።

3. ጾም ከሆነ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ብዙ አስተናጋጆች “ሥጋ የለውም” ሲሉ ቁራጭ ሥጋ የለውም ማለታቸው ነው፤ መረቁን አይቆጥሩትም። የድዌንጃንግ ጂጌ መሠረት አኩሪ አተር ቢሆንም መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ ትንንሽ ዓሣዎች ይወጣል። ኪምቺ ውስጥም በጨው የተብላላ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ ፈሳሽ ይገባል። ኪምቺ ጂጌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ስለሚሠራ በፍስክም ቢሆን ሳይጠይቁ አይዘዙት፤ የአሳማ ሥጋ “ድዌጂ ጎጊ” ይባላል። ርካሹ ኪምባፕም (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) ሃም የሚባለው የአሳማ ሥጋና እንቁላል አያጣውም።

እኔ የምመክረው ቢቢምባፕን ነው፤ አትክልቱ ሩዙ ላይ ለየብቻ ተደርድሮ ስለሚቀርብ የሚበሉትን ያያሉ። ሲያዝዙ “ጎጊ ፔ ጁሴዮ፣ ግዬራን ፔ ጁሴዮ” ይበሉ፤ ሥጋውና እንቁላሉ ይቀርልዎታል። ቀዩን ድልህ፣ ጎቹጃንግን፣ ከማፍሰስዎ በፊት በማንኪያ ገለጥ አድርገው ይዩት፤ በተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚያበስሉት ቤቶች አሉ።

4. አበላል። ማንኪያና የብረት ቾፕስቲክ ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ጎን ባለች መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ውኃም ራስዎ ይቀዳሉ። ሩዝ በማንኪያ ይበላል፤ ሳህኑ ከጠረጴዛ አይነሳም። ቢቢምባፑ በጋለ የድንጋይ ሳህን ከመጣ ድልሁን በግማሽ ጀምረው ቶሎ ያዋህዱት፣ ከሥሩ ግን ጥቂት ሩዝ ሳይነካ ይተዉ። ሲንጣጣ ቆይቶ ወርቃማ ቅርፊት ይሠራል፤ ከምሳው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ማባያው ከምግቡ ዋጋ ጋር የተካተተ ስለሆነ ሳያዩት ሁለተኛ ምግብ አይዘዙ። ሲያልቅ “ጆጊዮ” ብለው አስተናጋጇን ይጥሩ፣ ትጨምርልዎታለች። አስጨምሮ መተው ግን ነውር ነው።

5. ሒሳብ። ሲወጡ በር አጠገብ ባለው መክፈያ ይከፍላሉ። ጉርሻ አይጠበቅብዎትም።