ዋሽንግተንና አዲስ አበባ፦ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰዓቱን ቁጠሩ

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እኔ ፒያሳ። እዚህ ያለውን ቤቱን የመሸጥ ጉዳይ የማስፈጽምለት እኔ ነኝ። በመካከላችን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እኔን ያስቸገረኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤት 2፡30 ይከፈታል። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሰዓት ልዩነታችን 7 ነው። ስለዚህ እኔ ወረፋ ይዤ ስደውል እሱ ዘንድ ሌሊት 7፡30 ነው። በእንቅልፍ ልቡ "እሺ፣ እሺ" ይለኛል፤ ጠዋት አያስታውሰውም! አሁን የምንነጋገረው ከምሳ በኋላ ነው። እዚህ 7፡30 ሲሆን እዚያ ንጋት 12፡30 ነው። እስከ 11፡30 አራት ሰዓት አለን። እነሱ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ እሱም በሌሊት መነሳት ግድ ይለዋል።

ውክልናውን ደግሞ ኤምባሲ ከመፈረማችሁ በፊት ቃል በቃል አንብቡ። የወንድሜ "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" ይል ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በእስክሪብቶዋ መስመሩን እየተከተለች አነበበችና "ወንድሜ፣ መሸጥ የሚል የለውም" ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሰነዱ መጀመሪያ ሒልተን አካባቢ ባለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። አንዲት ቃል ስለጎደለች ሁሉንም ከዜሮ ጀመርን።

ራሳችሁ ከመጣችሁ፣ ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ያለማቋረጥ 13 ሰዓት ያህል ነው። ቅዳሜ ረፋድ የተነሳ እሁድ ጠዋት ይገባል። መመለሻው ይረዝማል፤ ከነማረፊያው 16 ወይም 17 ሰዓት ይደርሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል፤ አንድ ሰሞን ደብሊን፣ ሌላ ሰሞን ሎሜ። ነፋሱም ከፊት ነው። ማታ ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ደለስ ስለሚደርስ አጭር ይመስላል፤ በዚያው ቀን ሥራ እገባለሁ ያለ ሰው ግን ወገቡን ይጠይቅ።

የሁለት ሳምንት ፈቃድ ማለት አሥር የሥራ ቀን ነው። ሰኞን እንቅልፍ ይወስደዋል። አርብ ደግሞ የምሳ እረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ገናና ጥምቀትን አክብሬ፣ በመሃል የቤቱን ጉዳይ እጨርሳለሁ የሚሉ አሉ። በዓሉን አክብሩ፤ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ወንድሜ ዘንድሮ የሚመጣው በየካቲት ነው፣ ከዓድዋ በዓል በፊት። ቲኬቱን ለቅዳሜ ቆርጧል። ሰኞ ጠዋት እንዳልቀሰቅሰው ከአሁኑ አስጠንቅቆኛል።