የማተሚያ ስህተት ያለበትን ሳንቲም በአገልግሎት ከተጎዳው መለየት

አንድ ሳንቲም እንግዳ መልክ ስላለው ብቻ በስህተት የታተመ ነው ማለት አይቻልም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ጉድለቱ የተፈጠረው በሚታተምበት ቅጽበት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ የሚለው ነው። በኋላ በተጫረ ሳንቲም ላይ ብረቱ ወደ ጎን ተገፍቶ በጭረቱ ዳር ይቆለላል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ባለቀው ላይ ደግሞ እንደ ጉንጭና ፀጉር ያሉት ከፍ ያሉ ክፍሎች ቀድመው ይለሰልሳሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድርብ ጽሑፍ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ከታተሙት የአሜሪካ አንድ ሴንቶች በአንዳንዶቹ ላይ ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፉ በዓይን እስኪታይ ድረስ ተደርበዋል፤ ምክንያቱም ማተሚያ ቅርጹ ራሱ ሲዘጋጅ ምስሉ በተለያየ ማዕዘን ሁለት ጊዜ ተቀርጾበታል። እንዲህ ባለው ድርብ ፊደል ላይ ሁለቱም ምስሎች ክብና ከፍ ያሉ ሲሆኑ፣ ማሽኑ በመንቀጥቀጡ የመጣው ግን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ስለሆነ ተጨማሪ ዋጋ እምብዛም አያወጣም።

በ1943 እ.ኤ.አ. መዳብ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተፈለገ የአሜሪካው አንድ ሴንት ዚንክ ከተቀባ ብረት ተሠራ፤ ጥቂቶች ግን በስህተት በነሐስ ታትመዋል። ነሐስ መስሎ ማግኔት የሚስበው ሳንቲም ግን መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ማግኔት ባይስበውም መመዘን ያስፈልጋል፤ እውነተኛው የነሐስ ሳንቲም 3.11 ግራም ገደማ ሲሆን የብረቱ 2.7 ግራም ገደማ ነው። ከዚያም የ1948 ሳንቲም 8 ቁጥር ተፍቆ 3 እንዳልተደረገ በማጉያ መነጽር ይታይ። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ሳንቲሙን ፈጽሞ አይጠቡት፣ አይወልውሉትም።