በአዳማ አዳራሽ ወለል ላይ የድብልቅ ከርሊንግ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

ከርሊንግ ከባድ የግራናይት ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ በሩቅ የተሰመረ ክብ መሃል የማሳረፍ ጨዋታ ነው። አዳማ ውስጥ የበረዶ ሜዳ የለም፤ ሊሾ ወለል ያለው አዳራሽ ግን አይጠፋም። ድንጋዩ ሥር ጎማ ከተገጠመለት ጨዋታው በደረቅ ወለል ላይ ይሄዳል፤ ውጭ አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች ለጀማሪ የሚያስተምሩት በዚሁ ዘዴ ነው። እዚህ የምናየው 8 ቡድኖች በአንድ ቀን ጀምረው የሚጨርሱትን ውድድር ነው።

ሕጉን የምንቀዳው እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊዘርላንድ በርን ከተጀመረው የዓለም ድብልቅ ከርሊንግ ሻምፒዮና ነው። በ2018 ካናዳ ኬሎውና፣ በ2019 እና በ2022 ስኮትላንድ አበርዲን አስተናግደውታል። እያንዳንዱ አገር አንድ ቡድን ያሰልፋል፤ ቡድኑ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ነው። በኦሎምፒክ ከ2018 ጀምሮ የሚታየው አንድ ሴትና አንድ ወንድ የሚጣመሩበት ውድድር ሌላ ነው፤ የድንጋዩ ብዛትም ሕጉም ይለያል። ኢንተርኔት ላይ ሕግ ስትፈልጉ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ።

1. ቡድኖችን መመዝገብ

ሁለት ሴት ሁለት ወንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ድንጋይ የሚለቀቀው በፆታ እየተፈራረቁ ነው፦ ሴት፣ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ ወይም በተቃራኒው። ስለዚህ የምዝገባ ቅጹ ላይ ስም ብቻ አታስጽፉ፤ ከ1 እስከ 4 ተራ ቁጥር አድርጉና ማን ስንተኛ እንደሚለቅ ያስገቡ። «ቤቱ» በሚባለው ዒላማ ክብ ውስጥ ቆመው አቅጣጫ የሚሰጡት አምበሉና ምክትሉም የተለያየ ፆታ መሆን አለባቸው። አምበሉ 4ኛ፣ ምክትሉ 3ኛ ከሆኑ ይህ በራሱ ይሟላል። አምበሉ 4ኛ ሆኖ ምክትሉ 2ኛ ከሆነ ግን ሁለቱ አንድ ፆታ ይሆናሉ፤ ቅጹን ስትቀበሉ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ይህን ነው።

ተቀያሪ አይመዘገብም። በዕለቱ አንድ ሰው ቢቀር፣ ከቡድኑ 8 ድንጋዮች ሁለቱ ቀዳሚዎች 3 3 ድንጋይ፣ የመጨረሻው 2 ድንጋይ ይለቃሉ።

2. ወለሉን መምረጥ

ሊሾ ጥሩ ነው፤ ቴራዞ ይበልጣል። ሴራሚክ መጋጠሚያው ላይ ጎማ ስለሚያዘልል ተዉት። ሰም የተቀባ ወለል ደግሞ አንዱ ቦታ ይፈጥናል፣ ሌላው ይይዛል።

ብዙ አዳራሽ ውሃ እንዲወርድለት ወደ በሩ ያዘነበለ ነው። በዓይን አይታይም፤ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ግን ይታወቃል። በርዝመቱ ትንሽ ቢያዘነብል ችግር የለውም፤ ሁሉም ድንጋይ እኩል ስለሚፈጥን ተጫዋቹ ይለምደዋል። የሚያበላሸው የጎን ዝንባሌ ነው። በ2.5 ሜትር ስፋት ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ሜዳውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት።

ሌላው የአዳማ ጠላት አቧራ ነው። ለከተማዋ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለላት ነፋስ በተከፈተ በር አሸዋ ይዞ ይገባል፤ አንዲት ጠጠር ጎማ ሥር ከገባች ድንጋዩ ባለበት ይቆማል ወይም ይዞራል። በነፋሱ በኩል ያለው በር ይዘጋ፤ ከየጨዋታው በፊት ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ እስኪደርቅ ይጠበቅ።

3. ድንጋዩን መሥራት

ውድድሩ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የበረዶው ድንጋይ እስከ 19.96 ኪሎ ይመዝናል፤ ለወለል ግን 4 ኪሎ ይበቃል። ከዚያ ከከበደ ጎማውን ይሰብራል፣ የተጫዋች እግርም ላይ ሲያርፍ ይጎዳል። ለአንድ ሜዳ 16 ድንጋይ ያስፈልጋል፤ 8 ለአንዱ ቡድን፣ 8 ለሌላው።

ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ። ቅድሚያ ዘይት ቀለም ቀቡት፤ ጥሬ እንጨት የሲሚንቶውን ውሃ ጠጥቶ ይጣመማል፣ ከተጣመመ በኋላ የሚያቃናው የለም። በላይ በኩል 6 ወይም 7 ሚስማር ግማሽ ድረስ ምቱበት፤ ሲሚንቶው የሚይዘው እነዚህን ነው። ዙሪያውን በቆርቆሮ ወይም በተቆረጠ የፕላስቲክ ባልዲ አጥሩና 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሙሉት። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ የተነፋ አሸዋ ይሁን፤ ለ16 ድንጋይ የ50 ኪሎ ከረጢት ግማሹ ይበቃል። እጀታው ከ8 ቁጥር ፌሮ ይታጠፋል፤ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው ካልገቡ በሳምንቱ ይነቀላል። ከዚያ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሱት። በአዳማ ሙቀት ሳይለብስ የተተወ ሲሚንቶ ላዩ ብቻ ይደርቅና መጀመሪያ ሲጋጭ ይፈረካከሳል።

ጎማው ሦስት ይሁን፤ አራት አይሁን። ሦስት እግር ያለው ነገር ያልተስተካከለ ወለል ላይም ሁሉም እግሩ ይረግጣል፤ አራት ከሆነ አንዱ ተንጠልጥሎ ይንገዳገዳል፣ ድንጋዩም ከመስመሩ ይወጣል። ከመሃል 7 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ እኩል ተራርቀው ይታሰሩ። በየትኛው ዓይነት ጎማ ላይ መቆጠብ እንደሌለባችሁ ግን ልብ በሉ። ከሁሉ የሚሻለው በጽዋ ውስጥ የብረት ኳስ የሚሽከረከርበት ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ወዲያው ይሄዳል። በቢሮ ወንበር ሥር ያለው የሚዞር ጎማ ርካሽ ነው፣ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ይገኛል፤ ነገር ግን ከጎን ሲመታ ጎማው ዞሮ እስኪስተካከል ድንጋዩ ፍጥነቱን ያጣል። ውድድሩ በሱ ይካሄዳል፤ ድንጋይ በድንጋይ ማስወጣት ግን ይከብዳል። የማይዞር ጎማ ጭራሽ አትግዙ፤ ወደፊት ጥሩ ይሄዳል፣ ከጎን ሲነካ ግን ወለሉን ይፍቃል እንጂ አይንቀሳቀስም።

16ቱም ሲያልቁ አንድ በአንድ ፈትሿቸው። እኩል ኃይል የምታገኙት በእጅ ሳይሆን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው የሳንቃ ተዳፋት ላይ በመልቀቅ ነው። የቆሙበትን ቦታ በጠመኔ አስምሩ። ከሌሎቹ ከአንድ ሜትር በላይ የራቀ ወይም ወደ ኋላ የቀረ ካለ ጎማውን ቀይሩ፤ ካልተስተካከለ ጥንድ ፈልጉለትና አንዱን ለአንዱ ቡድን፣ ሌላውን ለተጋጣሚው ስጡ። በመጨረሻ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጣችሁ ዙሪያውን አልብሱት። ላስቲኩ ግጭቱን ያለዝባል፤ ሁለት ቀለም ከቀባችሁት የቡድን መለያም ይሆናል።

ገንዘብ ካጠረ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ድንጋይ ብቻ ይልቀቅ፤ 8 ድንጋይ ይበቃችኋል።

4. ሜዳውን ማስመር

የበረዶው ሜዳ 45.72 ሜትር ይረዝማል፤ ያን ያህል አዳራሽ አይገኝም። ቤቱን በግማሽ አሳንሱት፤ የክቦቹ ከመሃል ርቀት 91፣ 61 እና 30 ሴንቲ ሜትር፣ የመሃሉ ትንሽ ክብ (እምብርቱ) 8 ሴንቲ ሜትር። ከእምብርቱ ወደፊት 3.2 ሜትር ላይ አንድ መስመር፤ ድንጋይ ይህን ካላለፈ ከጨዋታ ይወጣል። 12 ሜትር ላይ የመልቀቂያው መስመር። ከሱ ኋላ ለመግፊያ 1.5 ሜትር፣ ከእምብርቱ ኋላ 2.5 ሜትር ተዉ። ጠቅላላው 16 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው፤ 18 ሜትር የሚረዝመው መረብ ኳስ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይገባሉ።

ክቡን በሲባጎ አታስምሩ፤ ይሳባል፣ ክቡም እንቁላል ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ተጠቀሙ። ፕላስተር የሚለጠፈው ድንጋይ የማይሄድበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው በእርጥብ ጠመኔ።

5. አለቃቀቅ

የበረዶው ድንጋይ እየዞረ ሲሄድ መንገዱን ያጥፋል፤ ስሙም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ባለ ጎማው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከቤቱ ፊት ቆሞ መንገድ የሚዘጋን ድንጋይ («ዘበኛ») ዞሮ ማለፍ አይቻልም፤ በመልቀቂያው መስመር ላይ ወደ ጎን መሸሽ ብቻ ነው መፍትሔው። ከመሃል 1 ሜትር ግራና ቀኝ እንዲለቁ ፍቀዱ። ከእምብርቱ 2.5 ሜትር ላይ የቆመ ዘበኛ ከዚያ ጥግ ሲታይ ለጥቂት ያሳልፋል። መልቀቂያውን ከዚህ ካጠበባችሁት የመጀመሪያዋ ዘበኛ ጨዋታውን ትዘጋዋለች።

ጎማው የሚዞር ከሆነ ወደ ኋላ ስቦ መልቀቅ ክልክል ይሁን። ወደ ኋላ ሲሳብ ጎማዎቹ ይገለበጣሉ፤ ወደፊት ሲገፋ ተመልሰው ሲዞሩ ድንጋዩን ወደ ጎን ይረግጡታል። ከመግፊያው ቦታ ወደፊት ብቻ ተገፍቶ፣ መስመሩ ሳይደርስ እጅ ይለቀዋል። መጥረጊያ አያስፈልግም፤ በበረዶ ላይ መጥረግ ላዩን አሙቆ ድንጋዩን ያርቀዋል፣ ሊሾ ላይ አቧራ ከማንሳት ሌላ ፋይዳ የለውም።

6. ዳኝነት

መጨረሻ የሚለቀው ማን እንደሆነ በዕጣ አታውጡ። ከጨዋታው በፊት ከየቡድኑ አንድ ሴትና አንድ ወንድ አንዳንድ ድንጋይ ወደ እምብርቱ ይልቀቁ፤ የሁለቱ ርቀት ይደመር፣ ድምሩ ያነሰው ይመርጣል። ከቤቱ ውጭ የቀረ 1 ሜትር ይቆጠር። ቁጥሩን ጻፉት፣ ኋላ ይፈለጋል።

ነጥብ የሚያገኘው ለእምብርቱ የቀረበው ቡድን ብቻ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ካሉት ድንጋዮቹ ከተጋጣሚው ምርጥ ድንጋይ ይበልጥ የቀረቡለት ሁሉ አንድ አንድ ነጥብ ናቸው። ሁለቱም ቡድኖች ድንጋዮቻቸውን ለቀው ሲጨርሱ አንድ ዙር ነው፤ ነጥብ ያገኘ በሚቀጥለው ዙር ቀድሞ ይለቃል። ማንም ካላገኘ የመጨረሻው ድንጋይ ያው ከያዘው ቡድን ጋር ይቆያል።

ጠብ የሚነሳው በዘበኞች ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ድንጋዮች እስኪለቀቁ በ3.2 ሜትሩ መስመርና በቤቱ መካከል የቆመን የተጋጣሚ ዘበኛ ከጨዋታ ማስወጣት አይፈቀድም፤ ያስወጣ ድንጋዩ ይነሳል፣ ዘበኛዋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። «ቦታዋ የት ነበር?» የሚለው ክርክር እንዳይነሳ ከነዚያ 5 ድንጋዮች እያንዳንዱ ሲቆም በጠመኔ ነጥብ ይደረግበት። በ8 ድንጋይ የምትጫወቱ ከሆነ ጥበቃው ለመጀመሪያዎቹ 3 ይሁን።

7. የዕለቱ መርሃ ግብር

የዓለም ሻምፒዮናው ጨዋታ 8 ዙር ነው፤ እናንተ 4 ዙር አድርጉት። 64 ድንጋይ በግማሽ ግማሽ ደቂቃ 32 ደቂቃ ነው፤ ከመለኪያው ጋር ለአንድ ጨዋታ 45 ደቂቃ ያዙ። 8ቱ ቡድኖች በሁለት ምድብ ሲከፈሉ 12 የምድብ ጨዋታ፣ 2 ግማሽ ፍጻሜ፣ የደረጃና የፍጻሜ ጨዋታ፤ ጠቅላላ 16። በሁለት ሜዳ 6 ሰዓት ይወስዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ከጀመራችሁ፣ ምሳን ጨምሮ 9 ሰዓት ላይ ዋንጫው ይሰጣል። ምድቦቹ እየተፈራረቁ ይግቡ፤ ያረፈው ምድብ መስመር ይጠብቃል፣ ድንጋይ ይመልሳል። ድንጋይ ሲመለስ በሜዳው ጠርዝ ይንከባለል እንጂ ተሸክመው አይሂዱ፤ በየዙሩ 64 ኪሎ ነው።

በምድብ እኩል ነጥብ ከመጣ መጀመሪያ የእርስ በርስ ጨዋታው ይታያል። ሦስት ቡድኖች ተራ በተራ ከተሸናነፉ ያ የጻፋችሁት ርቀት ይወጣል፤ አማካዩ ያነሰው ይቀድማል።

ድንጋዮቹን ስታስቀምጡ ጎማቸውን ወደ ላይ ገልብጡ፤ የተጠመጠመ ፀጉርና ክር በወስፌ አውጡላቸው።