ሽቶው ሳይጣል፣ ሻንጣው ሳይበረበር፦ የኤርፖርት ፍተሻን እንዴት ማለፍ ይቻላል

ፍተሻ ጋ የተቀመጠውን ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ጉድ ነው። ያላለቀ ሽቶ፣ ጨርሶ ያልተከፈተ ሎሽን፣ ማር፣ ሻምፖ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ሁሉም ቤት ውስጥ በትንሽ ጥንቃቄ ይተርፍ የነበረ ዕቃ ነው። ግን ብዙ ሰው ሻንጣ የሚያዘጋጀው በመጨረሻው ሰዓት፣ በጥድፊያ ነው። ይቺን ጽሑፍ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን፣ ሻንጣው ክፍት እያለ ብታነቧት ይሻላል።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ

በአብዛኛው ዓለም የሚሠራው ደንብ ይህ ነው። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ይሁን። ዕቃዎቹ ሁሉ ተሰብስበው 1 ሊትር በሚይዝ፣ ተከፍቶ በሚዘጋ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይግቡ። ላስቲኩ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ላስቲክ፤ አለቀ።

ሰው የሚሸወደው ግን ጭላጩን አይቶ ነው። ፈታሹ የሚቆጥረው ጠርሙሱ ሲሞላ የሚይዘውን እንጂ የቀረላችሁን አይደለም። አንድ ቀን ከፊቴ ተሰልፎ የነበረ ሰውዬ የጥርስ ሳሙና ይዞ ተያዘ። ቱቦው ከታች እየተጠቀለለ እየተጠቀለለ አንገቱ ጋ ደርሷል። «አልቋል እኮ! ይዩት፣ ምንም የለውም» ይላል ሰውዬው። ፈታሿ ልትከራከረው አልፈለገችም። ጥቅልሉን በአውራ ጣቷ ዘርግታ ከጀርባው የተጻፈውን 150 አሳየችውና ወደ መጣያው ጣለችው። ስለዚህ የሚያልቅ ነገር ነው ብላችሁ ትልቁን አትያዙ። ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጡት። መጠኑ ያልተጻፈበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ የፈታሹ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ የእንግሊዝ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ደብቀው አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖችን ለማጋየት ያሴሩ ሰዎችን ያዘ። መጀመሪያ ላይ ፈሳሽ ጭራሽ ተከለከለ። ሴፕቴምበር ላይ አሜሪካ፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ክልከላውን አላልተው 100 ሚሊ ሊትር ፈቀዱ። ሌላውም ዓለም ተከተለ።

ፈሳሽ የማይመስለውን ፈሳሽ ለዩ

ውሃና ሽቶ ለማንም ግልጽ ነው። ችግሩ ወፍራሞቹ ላይ ነው። የሚፈስ፣ የሚቀባ፣ የሚረጭ ወይም ተጨምቆ የሚወጣ ከሆነ ፈሳሽ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በዚህ ሂሳብ የጥርስ ሳሙና፣ የፀጉር ጄል፣ ማስካራ፣ ማር፣ ማርማላታ፣ እርጎ፣ የለውዝ ቅቤ ሁሉም ፈሳሽ ናቸው። ስትነቀነቅ በረዶ የሚዘንብባት የመስታወት ጌጥ እንኳ ውስጧ ውሃ ስላለ ታስይዛለች። ለልጅ ስጦታ ብሎ የያዛት ሰው መቼም አንጀቱ ነው የሚቃጠለው።

ወደ አሜሪካ የምትበሩ ከሆነ ዱቄቱንም ልብ በሉ። ከ2018 ወዲህ ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበታል። ምንነቱ ካልተረጋገጠ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም። ለጭነት በምትሰጡት ሻንጣ ውስጥ ብታስገቡት ትገላገላላችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፈሳሹን ከማሳነስ ጭራሽ ማስቀረት ይሻላል። ሳሙና ደረቁን ያዙ። ሻምፖም ደረቅ ሆኖ እንደ ሳሙና የሚሸጥ አለ። ዴኦዶራንት ከሆነ የሚረጨውን ትታችሁ ስቲኩን ውሰዱ። ላስቲኩ ውስጥ የሚቀረው ቦታ ለሽቶና ለፊት ቅባት ይበቃል።

ስትሞሉ አየሩን አስቡበት

በረራ ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን በክዳኑ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ደርሳችሁ ሻንጣውን ስትከፍቱ ሸሚዙ ሎሽን በሎሽን የሚሆነው ለዚህ ነው።

መላው ቀላል ነው። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት። ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑን ጨመቅ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና እንደተጨመቀ ክዳኑን ዝጉት። አየሩ ሲለጠጥ የሚሄድበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት አፉ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ጣል ብታደርጉ ደግሞ የበለጠ ነው። ክዳናቸው በአውራ ጣት ቀጭ ተደርጎ የሚከፈት ትናንሽ የጉዞ ጠርሙሶች አሉ። ያምራሉ፣ ግን አላምናቸውም። ሻንጣ ውስጥ ሲጨናነቁ ራሳቸውን ችለው ይከፈታሉ። ክዳኑ የሚጠመዘዘውን ግዙ።

መድኃኒትና የሕፃን ወተት

እነዚህ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይም ቢሆኑ ያልፋሉ። መጠናቸው ለጉዞው የሚያስፈልግ ያህል ይሁን እንጂ። ለብቻ አውጥታችሁ ያዙና ፈታሹ ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱ ከነካርቶኑ ቢሆን፣ የሐኪም ማዘዣውም አብሮት ቢኖር፣ ማዘዣው ላይ ያለው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር ቢገጥም ወሬ የለም። ኢንሱሊን ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ በፍጹም እንዳታደርጉ። ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል፣ እዚያ ታች ደግሞ ቅዝቃዜ ሊያበላሸው ይችላል።

ፓወር ባንክ

ከፈሳሹ ተቃራኒ ነው። ፓወር ባንክ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ ይቀጣጠላል። ሰው ባለበት ከሆነ አስተናጋጆቹ ይደርሱበታል፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ማን ያየዋል?

ልኩ 100 ዋት አወር ነው፤ ዋት አወር ማለት ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ያለው አይገባም። ፓወር ባንኩ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ሚሊ አምፔር አወር ነው። ያንን ለ1,000 አካፍሉና በ3.7 አባዙት። 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር ይሆናል፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ይመጣል፣ ያለ ፈቃድ አያልፍም። ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነም ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ቻይና ውስጥ ከከተማ ከተማ ለመብረር ደግሞ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የአገሪቱ የደህንነት ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ ክልክል ነው። ኤምሬትስና ሲንጋፖር አየር መንገድ በበኩላቸው ከዚያው ዓመት ወዲህ በበረራ ላይ በፓወር ባንክ ቻርጅ ማድረግ ከልክለዋል።

ትራንዚት ካላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት

ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። በመነሻችሁ ኤርፖርት ፍተሻውን በሰላም አለፋችሁ እንበል። ከዚያ ዲዩቲ ፍሪ (ከቀረጥ ነፃ ሱቅ) ገብታችሁ ትልቅ ሽቶ ወይም ውስኪ ገዛችሁ። ከፍተሻ ወዲያ የተገዛ ስለሆነ አውሮፕላኑ ላይ ይዛችሁት ትገባላችሁ። ማንም አይጠይቃችሁም። ትራንዚት ስትደርሱ ግን ብዙ ኤርፖርት እንደገና ይፈትሻችኋል። እዚያ እናንተ ገና ከመንገድ እንደገባ ሰው ናችሁ። 100 ሚሊ ሊትሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዲዩቲ ፍሪ የገዛችሁት ውሃ እንኳ አያልፍም።

መፍትሔው የታሸገው ላስቲክ ነው። ሱቁ ዕቃውን አንዴ ከተከፈተ ምልክት በሚያሳይ ልዩ ግልጽ ላስቲክ ያሽግላችኋል፤ ደረሰኙም ከውጭ እንዲነበብ ሆኖ ውስጡ ይገባል። ይህ እንዲሆን ገንዘብ ተቀባዩ ቦርዲንግ ፓስ ሲጠይቃችሁ ትራንዚት እንዳላችሁና መጨረሻ የምትደርሱበትን አገር ንገሩት። ዝም ካላችሁ በተራ ፌስታል ሰጥቶ ሊሸኛችሁ ይችላል። ሻጩ ሲያሽግ ቆማችሁ እዩ፤ ደረሰኙ ውስጥ መግባቱንም አረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ የመጨረሻው አገር እስክትደርሱ ላስቲኩን አትንኩት። ረጅም በረራ ላይ ሰው ይሰለቻል። ሽቶውን እስኪ ልሞክረው ማለት ይመጣል። ጫፉ ትንሽ ከተቀደደ ግን ላስቲኩ ከተራ ፌስታል አይሻልም። መልሶ በፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በትክክል ታሽጎም ትራንዚቱ አገር ላይቀበለው የሚችልበት ጊዜ አለና ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ።

በአሜሪካ የምታልፉ ከሆነ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ከውጭ ገዝታችሁት የታሸገው ዕቃ ከተገዛ 48 ሰዓት ካላለፈው ማለፍ ይችላል። ግን እሱንም መጠበቅ አያስፈልግም። አሜሪካ መጀመሪያ በገባችሁበት ኤርፖርት በአብዛኛው የጭነት ሻንጣችሁን ተረክባችሁ በጉምሩክ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ለቀጣዩ በረራ መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ። በመሃል ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ ሻንጣው ውስጥ ክተቱት። ይህን የማያውቅ ሰው ውስኪውን አቅፎ ፍተሻ ጋ ይሰለፋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጨረሻው ትራንዚት መግዛት ነው። አንዳንድ አገር መድረሻውም ላይ ዲዩቲ ፍሪ አለ።

አሁን አሁን «100 ሚሊ ሊትር ቀርቷል እኮ» የሚል ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ዕቃውን በሁሉም በኩል የሚያሳዩ አዳዲስ ማሽኖች መጥተዋል። ብሪታንያ ውስጥ እነ ኤድንብራና በርሚንግሃም ኤርፖርቶች በ2025 እስከ 2 ሊትር ፈቅደዋል። የአውሮፓ ኅብረት ግን በሴፕቴምበር 2024 አዲሱ ማሽን ባለባቸው ኤርፖርቶችም ጭምር 100 ሚሊ ሊትርን መልሶ አምጥቶ ነበር። እና ስትሄዱ ያለፈ ጠርሙስ ስትመለሱ ሊያዝ ይችላል። በመንገዳችሁ ላይ ካሉት ኤርፖርቶች የጠበቀ ደንብ ያለውን ፈልጉና ሻንጣችሁን በእሱ ልክ አዘጋጁ።

የሻንጣው ልክ

ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ እዩ። 55 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር አካባቢና 7 ኪሎ የተለመደ ነው፣ ግን ይለያያል። ስትለኩ ጎማውንና እጀታውን ጨምሩ። ሻንጣው ላይ «ለካቢን ይሆናል» የሚለውን የሻጭ ጽሑፍ አትመኑ።

ትሪው ላይ

ኤክስሬዩ ብረትን በሰማያዊ፣ ምግብንና ወረቀትን በብርቱካናማ ያሳያል። ፈንጂም ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው የተደራረበ መጽሐፍ ወይም ትልቅ ቸኮሌት ያለበት ሻንጣ ወደ ጎን የሚገፋው። መጽሐፎቹን በትናችሁ አስቀምጡ፤ ገመዶችን በአንድ ቦረሳ ሰብስቡ። የፈሳሹን ላስቲክና ላፕቶፑን ከሁሉ በላይ አድርጉ፣ ሲጠይቋችሁ ቶሎ ታወጣላችሁ። የውሃ ጠርሙስ ባዶውን ከሆነ ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ትሞሉታላችሁ።

አንድ ነገር ቢያዝባችሁ ወዲያው «ይጣል» አትበሉ። ጊዜ ካላችሁ ተመልሳችሁ ለጭነት መስጠት ወይም ለሸኚ ማቀበል ይቻል እንደሆነ በትህትና ጠይቁ። ክርክር ግን ሰዓት ከመብላት በቀር ለማንም ሲጠቅም አላየሁም።

የመሳፈሪያው በር ላይ ደግሞ «ቦታ ሞልቷል፣ የእጅ ሻንጣችሁ ታች ይጫናል» ሊሏችሁ ይችላሉ። ፓወር ባንክ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ላፕቶፕ ከውስጡ አውጥታችሁ ከያዛችሁ በኋላ ሻንጣውን ስጧቸው።