ድመታችሁ ላይ ክብ መላጣ ካያችሁ

ባለፈው አራት ኪሎ እህቴ ቤት ሄጄ የድመቷ ጆሮ ሥር የሃምሳ ሳንቲም የምታክል መላጣ አየሁ። ክብ ናት፣ ዙሪያዋን ቅርፊት አላት። እህቴ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍታ ዱቄቱን ልትነሰንስባት ስትል ደረስኩ። ቆይ እንጂ! ይሄ እኮ ጭርት ይመስላል። ጭርት ፈንገስ ነው፣ ቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ድመት ራሷን ስለምትልስ ዱቄቱ መጨረሻው ሆዷ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ጸጉርና ቅርፊት ወስዶ ይመረምራል። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ካዘዘ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጧት፤ ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ያረገዘች ከሆነች ግን በፍጹም አይሰጣትም፣ ጽንሱን ይጎዳል። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። ጸጉሯ በቀለ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ፈንገሱ ገና ሊኖር ይችላል።

ጭርቱ ወደ ሰውም ይተላለፋል። የእህቴ ልጅ ክንዱ ላይ ጀማምሮት ነበር፣ ለካ አቅፏት ነው የሚተኛው! የምትተኛበትን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ እጠቡ፣ የረገፈውን ጸጉር ጥረጉ።

በነገራችን ላይ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትችላለች።