ነፋስ ሲኖር ክንፉን አታዘንብሉ፣ አፍንጫውን መልሱ

በሬዲዮ የሚመሩ የአክሮባቲክ ሞዴል አውሮፕላኖችን ለምታበሩ ሁሉ፦ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ አውሮፕላኑ ከመስመሩ ይገፋል። ያኔ ብዙ ሰው ክንፉን ወደ ነፋሱ ያዘነብላል። እባካችሁ ይህን ተዉት። ያዘነበለ ክንፍ አውሮፕላኑን ያዞረዋል፣ ከፍታም ያሳጣዋል፤ ቀጥሎ የምትሠሩት ሁሉ ከመነሻው ይጣመማል።

ይልቅ በኤይለሮን (ክንፉ ላይ ባለው፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን በሚያዘነብለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ክንፉን ከአድማስ ጋር እኩል ይዛችሁ፣ በራደር (ጅራቱ ላይ ባለው፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ በሚያዞረው ክፍል) አፍንጫውን ጥቂት ወደ ነፋሱ መልሱትና ራደሩን ልቀቁት። አውሮፕላኑ ወደ ጎን የዞረ ቢመስልም መንገዱ ቀጥ ይላል። በኤፍ 3 ኤ (በሬዲዮ የሚመሩ የአክሮባቲክ ሞዴሎች ዓለም አቀፍ የውድድር ዘርፍ) ውድድርም ዳኞች በአብዛኛው የሚመዝኑት የተጓዘበትን መስመር ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትወጡም እንዲሁ፣ አፍንጫው በትንሹ ወደ ነፋሱ ይጋደል።

ሉፕን (ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ የሚገጥም ሙሉ ክብ) ነፋስ ፊት ለፊት ይዛችሁ ከጀመራችሁ አናቱ ላይ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል። እዚያ ጋዝ (የሞተሩን ኃይል) ቀንሱ፣ ኤለቬተሩን (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውን የጅራት ክፍል) ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ፤ አለዚያ ክቡ ይለጠጣል።

ከሁሉ አጥብቄ የምላችሁ ግን ይህን ነው፦ ነፋስን ተከትሎ የሚበር አውሮፕላን ከመሬት ሲታይ በጣም የፈጠነ ይመስላል። ዓይናችሁን አምናችሁ ጋዝ ከቀነሳችሁና ኤለቬተር ከሳባችሁ በአየሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት ያንሳል፣ ክንፉ ማንሳት ያቆማል፣ አውሮፕላኑም ይወድቃል። በተለይ ለማረፍ ዝቅ ብላችሁ ስትዞሩ ጋዙን አትቀንሱት። ስታርፉም ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ጥቂት ጋዝ ይኑር፤ ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ መሬት አጠገብ ስለሚደክም አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት በድንገት ይወርዳል።